የእማዬ አሮጌ የኤሌክትሪክ ምጣድ፦ ወራት ከጋገርኩባት በኋላ

አዲስ እቃ ገዝቶ በሳምንቱ "በጣም አሪፍ ነው" ሚል ሰው ሞልቷል፣ ይሄኛው ግን የአሮጌ እቃ ሪቪው ነው። እማዬ በ1970ዎቹ መጨረሻ የገዛቻት የኤሌክትሪክ ምጣድ ናት። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ የነበርንበት ቤት በ2016 ሲፈርስ እማዬ አክስቴ ጋ ገባች፣ ምጣዷ አክስቴ ቤት ቦታ ስላልነበረ መጀመሪያ የሰው መጋዘን ውስጥ ከርማ ኋላ ልደታ ኮንዶሚኒየም እኔ ጋ መጣች። "አስቀምጪልኝ ነው ያልኩሽ እንጂ ውሰጃት አላልኩሽም" ትለኛለች እስካሁን። ልትጠይቀኝ ስትመጣም ቀጥ ብላ ኪችን ገብታ መጀመሪያ ምጣዷን ነው ምታየው፣ እኔን ሰላም ምትለኝ ከዛ በኋላ ነው።

ስልሳ ሳንቲ ገደማ ስፋት ያላት የሸክላ ምጣድ ናት፣ ዙሪያዋ ላሜራ፣ እግሯ ብረት፣ አክንባሎዋም ላሜራ ሆኖ እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ። ማብሪያ ማጥፊያዋ ከሞተ ቆይቷል፣ እኔ ልጅ እያለሁም አይሰራም ነበር። ሸክላው ከስሩ እንደ ቀንድ አውጣ እየተጠማዘዘ የተፈለፈለ ቦይ አለው፣ ሬዚስታንሱ (የኒኬልና የክሮም ቅይጥ ሽቦ ነው) እዛ ውስጥ ይተኛል፣ ላዩ በጀሶ ይደፈናል፣ በቃ አለቀ። ቦርድ የለ፣ ሙቀቱን ራሱ ሚቆጣጠር ቴርሞስታት የለ፣ ጢጥ ጢጥ ሚል ነገር የለ። መጋሏን ማወቅ የጋጋሪዋ ስራ ነው።

መጥፎውን ላስቀድም። መብራት ትበላለች፣ በጣም። 3.5 ኪሎዋት ገደማ ናት፣ በ220 ቮልት ስታሰሉት 16 አምፒር ይመጣል፣ ይሄ ማለት ተራው የግድግዳ ሶኬት የመጨረሻ አቅሙ ላይ ሆኖ ነው ሚሰራላት። እኔ ጋ በመጣች ሰሞን ጋገራው መሃል ሲደርስ ብሬከሩ ጧ ብሎ ይወርዳል፣ ኤሌክትሪሻን አስመጣሁ፣ ሶኬቱን ሲፈታው ውስጡ ጠቁሯል። "እህቴ፣ ይቺ የራሷን መስመር ነው ምትፈልገው" አለኝና ከብሬከር ሳጥኑ ቀጥታ ባለ 4 ሚሊ ሽቦ ስቦ ለብቻዋ 25 አምፒር ብሬከር ገጠመላት። ኧርዙንም (ያመለጠ መብራት ወደ መሬት ሚወስደውን ሽቦ) ከብረት ገላዋ ጋር አሰረው፣ ድሮ ኧርዝ ሚባል አልነበራትማ፣ ፒያሳ እያለን በባዶ እግር የነካት ሰው ትነዝረው ነበር፣ የእማዬ መፍትሄ ደግሞ "ነጠላ ጫማ አድርጊና ጋግሪ" ነው። ያ ሁሉ ዘመን ሰው ሳትገድል መቅረቷ በእውነት የእግዜር ጥበቃ ነው።

አንድ ጋገራ ሰዓት ተኩል ከፈጀ አምስት ኪሎዋት ሰዓት ሄደ ማለት ነው። መካከለኛ ፍሪጅ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው ሚጠቀመው፣ ስለዚህ እሷ በአንድ ጋገራ የፍሪጁን የአምስት ቀን ትጨርሳለች። ታሪፉ ደሞ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር ወደ ውዱ እርከን ነው ሚያስገባችሁ፣ ከ2017 መጀመሪያ ወዲህ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ መሆኑን ማንም ካርድ ሚሞላ ሰው ያውቀዋል። እኔ ያገኘሁት ዘዴ ሁለት ነው፣ አንደኛው፣ ፎቅ ላይ ካለችው ጎረቤቴ ጋር ሊጣችንን በአንድ ቀን አድርገን በተከታታይ እንጋግራለን፣ ምክንያቱም ሸክላው እስኪግል ሚበላው መብራት ለአስር እንጀራም ለሰላሳም ያው ነው። ሁለተኛው፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሶስት እንጀራ መብራቱን አጥፍቼ ነው ምጋግረው፣ ሸክላ ሙቀት ይዞ ይቆያል፣ ይሄን አዲሶቹ ስስ ምጣዶች በፍጹም አይችሉትም።

ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ግን አትሞክሯት። ሰፈሩ ሁሉ ወጥ ሚሰራበት ሰዓት ስለሆነ መብራቱ ይደክማል፣ የምጣድ ሃይል ደሞ ከቮልቱ ጋር እኩል አይደለም ሚቀንሰው፣ በስኩዌሩ (ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ) ነው፣ 220ው ወደ 180 ከወረደ ምጣዷ ሲሶ የሚሆን ሃይሏን አጣች ማለት ነው። ያኔ ሊጡ ከመብሰሉ በፊት ይደርቃል፣ አይን አያወጣም፣ ታቹ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እማዬ ስለ ስኩዌር ምናምን ሰምታ አታውቅም፣ ግን ገና አንዱን አውጥታ "መብራቱ ደክሟል፣ ሊጡን ክደኚው" ትላለች፣ እኔ ቮልት መለኪያ ሰክቼ ሳይ ልክ ናት።

አዲሱን አልሞከርሽም ወይ ለምትሉኝ፣ ሞክሬያለሁ። ወንድሜ ባለ ቴርሞስታት፣ ማይጣበቅ ቅብ ያለው የአሉሚኒየም ምጣድ ገዝቶልኝ ነበር፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን ተጠቅሜያቸዋለሁ። ሃቁን ለመናገር ቶሎ ይግላል፣ ቀላል ነው፣ ማሰሻ አይፈልግም፣ መብራትም ቅናሽ አለው። እንጀራው ግን ስስ ሆኖ በማግስቱ ይሰባበራል፣ አይኑም እንደ ሸክላው ፍጥጥ አይልም። ይሄንንም እችለው ነበር፣ ችግሩ ወራት ሳይቆይ ቅቡ መሃል ላይ መላጥ ጀመረ። መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ አሮጌ እቃ ሚጠገንበት ቦታ፣ ወስጄ ለአንድ ሰሪ ሳሳየው ሰውዬው ገልብጦ እንኳን አላየውም፣ "ይሄ አይፈታም፣ ጣይው" ብቻ ነው ያለኝ።

እሱው ሰውዬ ነው የእማዬን ያዳናት። ከመጋዘን ስትመጣ አውራሪሶቹ ደረጃ ላይ አጋጭተዋት ሸክላው ከዳር እስከ መሃል ተሰንጥቆ ነበር (አውራሪስ ያልኩት ተሸካሚዎቹን ነው፣ ይቅር ይበሉኝ)። ጀሶውን በመሮ ቀስ እያለ አነሳው፣ ሬዚስታንሱን ሳይበጥስ ከቦዩ ውስጥ መዘዘው፣ ወደ ብርሃን ያዘና "ይሄ የድሮ ሽቦ ነው፣ ወፍራም ነው፣ እንዳትቀይሪው" አለኝ። ሽቦ ወፍራምና ረጅም ሲሆን ሙቀቱ ሰፋ ባለ ገላ ላይ ስለሚከፋፈል ቶሎ አይቃጠልም። ከዛ የተደረደሩትን ሸክላዎች አንድ በአንድ አቁሞ በጣቱ አጥንት ያንኳኳል፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ አንዱ ደፈን ያለ ድምፅ ሰጠና ወደ ጎን ገፋው፣ ለኔ አይን ምንም ስንጥቅ የለውም። ሶስተኛው ላይ እንደ ደወል ሲጮህ "ይቺ" አለ።

አዲስ ሸክላ ደግሞ ካልተሟሸ ምንም አይደለም፣ እማዬ ራሷ መጣች ለዚህ፣ አላመነችኝም። ጎመን ዘር ወቅጣ፣ ምጣዷን አግላ፣ በጨርቅ እያሸች፣ እየጠረገች፣ እንደገና እያሸች፣ ቀዩ ሸክላ ቡናማ ከዛ ጥቁር ሆኖ መብለጭለጭ እስኪጀምር። ዘይቱ በሙቀቱ ተቃጥሎ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ለዛ ነው ከዛ በኋላ ማይጣበቀው። ጭሱ ኮሪደሩን ሞልቶ የጎረቤት ልጅ "እሳት ነው እንዴ?" እያለ በር ደበደበ። የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ተቦጫጨቁ፣ እማዬ ምንም አልመሰላትም፣ እየፋቀች ለራሷ ታወራለች። ከዛ አንዱን ከዳር ጀምራ ወደ መሃል እየዞረች አፈሰሰችው፣ አይኑ ሲፈነዳ ከደነች፣ ስትከፍተው ዳሩ ዙሪያውን ተነስቷል፣ ሰፌዱን ከስር ሻጥ አድርጋ ሳብ፣ ሙሉውን ወጣ። "አሁን ምጣድ ሆነች" አለች።

እና ብዙ ጊዜ ማስበው ምን መሰላችሁ፣ ሸክላው ስንቴ እንደተቀየረ እማዬም አታስታውሰውም፣ ገመዱ ተቀይሯል፣ አንድ እግሯ በብየዳ የተቀጠለ ነው፣ የድሮዋ ያለው ላሜራው፣ አክንባሎውና ያ ሽቦ ብቻ ነው። "የድሮ እቃ ጠንካራ ነበር" ሚባለውን እኔ ብዙም አልገዛም፣ በዛው ዘመን የተገዛው ጁስ መፍጫችን የት እንደደረሰ ማንም አያውቅም፣ የሞተው ሁሉ ስለተጣለ ነው የቀረው ጠንካራ ሚመስለን። ይቺ የቆየችው ስለምትፈታ ነው፣ የተበላሸውን ቦታ ብቻ ነጥሎ ሚሰራት ሰው፣ ቀጨኔም ሸክላ ምትሰራ እናት፣ መርካቶም ሽቦ ሚሸጥ ሱቅ ስላለ። ብትሰባበር አልቅሼ እጥላታለሁ ብዬ አላስብም፣ ይዣት ምናለሽ ተራ ነው ምሄደው።

እህቴ ግን አሜሪካ ሆና ከኔ ብሳ ታለቅሳለች። እሷ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት፣ እዛ ብዙ ሀበሻ ሚጋግርበት ባለ 16 ኢንቹ የአሉሚኒየም ምጣድ እኮ አዮዋ ውስጥ ለኖርዌይ ዝርያ አሜሪካውያን ሌፍሳ ለሚባል ስስ የድንች ቂጣ ተብሎ የተሰራ ነው፣ እንጀራችን በሰው ምጣድ ነው ሚጋገረው። "ይጋግራል ግን የቤታችን ሽታ የለውም" ትለኛለች፣ በጎመን ዘር ብታሸው ይመጣ እንደሆነ ብነግራት ቅቡ ይበላሻል ብላ ፈራች።

በአጠቃላይ ብቻችሁን ምትኖሩ ከሆነ ወይ እንጀራ ከሱቅ ምትገዙ ከሆነ እንዲህ አይነት ምጣድ አትውሰዱ፣ የእናታችሁም ቢሆን፣ ቦታ ትይዛለች፣ መስመር ማስዘርጋቱም ወጪ ነው። ቤተሰብ ካላችሁና በሳምንት ምትጋግሩ ከሆነ ግን ከመጣላችሁ በፊት ለሰሪ አሳዩአት። በተለይ ኧርዝ ሳታስገቡ እንዳትሰኳት፣ ሶኬቱንም በጋገራው መሃል ዳበስ አድርጋችሁ እዩት፣ ካቃጠለ አንድ ቦታ ላልቷል ማለት ነው። የኔዋ አሁን ገመዷ ጫፉ ላይ መድረቅ ጀምሯል፣ ለበዓል ጋገራ ሳይደርስ አስቀይረዋለሁ፣ ማብሪያ ማጥፊያዋንም አብሬ ላሰራው ነበር፣ እማዬ "ለምን? ሳይሰራም ስንት ዓመት ጋግረናል" ብላ አስተወችኝ።