ዊትቢ የምትወርዱ ወገኖች፣ «የገበያ ዋጋ» የተባለ ዓሣ ሳትጠይቁ አትዘዙ

ይህን የምጽፈው እንግሊዝ አገር ላላችሁ ነው። በዚህ ሰመር ሚኒባስ ተከራይታችሁ ዊትቢ ልትሄዱ ካሰባችሁ ቀድማችሁ አንብቡት።

ከተማዋ በእውነት ቆንጆ ናት። የኤስክ ወንዝ ከሰሜን ባሕር ጋር የሚገናኝባት ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። 199ኙን ደረጃ ወጥታችሁ የጥንቱን ገዳም ፍርስራሽ አይታችሁ ስትወርዱ ግን ይርባችኋል። ችግሩም የሚጀምረው ያኔ ነው።

እኛ የገባነው ወደቡ ዳር ካሉት ጥንታዊ ፐቦች አንዱ ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወራጁ በጭስ የጠቆረ፣ ግድግዳው በድሮ መርከበኞች ፎቶ የተሞላ ቤት ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ «የዛሬ ሙሉ ዓሣ፣ በገበያ ዋጋ» ተብሎ ተጽፏል። ቁጥር የለውም። ከአገር ቤት የመጡ እንግዶች ይዘን ነበር። በእንግዳ ፊት «ስንት ነው?» ማለት ለእኛ ሰው ከባድ ነው፤ ይሉኝታው ይይዛል።

ሒሳቡ ሲመጣ ለ100 ግራም 8 ፓውንድ ይላል። ትንሽ ይመስላል አይደል? ዓሣው 1.6 ኪሎ ነው ተባለ። 128 ፓውንድ! ሲመዘን ያየ የለም። ደግሞ የተመዘነው ሳይጠበስ፣ ከነጭንቅላቱና ከነአጥንቱ ነው። ከሥሩ 12.5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮበታል።

ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ዓሣው ስንት እንደሚመዝንና ጠቅላላ ስንት እንደሚመጣ ጠይቁ። ወረቀት ላይ ይጻፉላችሁ። ደህና ቤት ራሱ ቀድሞ ይነግራችኋል። የአገልግሎት ክፍያውም በፈቃደኝነት ነው ከተባለ ይነሳልን ማለት መብታችሁ ነው። አስተናጋጁ ካሳዘናችሁ በእጁ ስጡት። ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ጉርሻ ለሠራተኛው መድረስ እንዳለበት ሕጉ ያዛል።

«ከዚሁ ወደብ የወጣ ነው» ሲሏችሁም ቶሎ አትመኑ። የዊትቢ ጀልባዎች በብዛት የሚያወጡት ሎብስተርና ሸርጣን ነው፤ አብዛኞቻችን የማንበላውን ማለት ነው። ከቺፕስ ጋር የሚቀርቡት ኮድና ሃዶክ የተባሉት ዓሣዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከአይስላንድና ከኖርዌይ በኩል በረዶ ሆነው የሚመጡ ናቸው። ዓሣው መጥፎ ነው አላልኩም። ግን ለ«ትኩስ» ብላችሁ ተጨማሪ አትክፈሉ።

እኔን ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ፍልሰታ የሚገባው ኦገስት ላይ፣ ሰው ሁሉ ባሕር በሚወርድበት ሰሞን ነው። ጿሚ ሰው «ቺፕስ ብቻ ይበቃኛል» ይላል። ዊትቢ ባለችበት በዮርክሻየር ግን ዓሣም ቺፕስም በብዙ ቤት የሚጠበሰው በበሬ ሞራ ነው! የቆየ ልማዳቸው ነው፣ ይኮሩበታልም። አብረውን የነበሩ አንዲት እናት ይህን የሰሙት ሳህኑን ካጋመሱ በኋላ ነው። ሹካቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ። ሜኑው ላይ በደቃቅ ፊደል ከታች ተጽፎ ነበር፤ አስተናጋጁ ግን ጾመኛ መሆናቸው ተነግሮት ትንፍሽ አላለም። ሐላል የምትበሉም በምን እንደሚጠበስ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በአትክልት ዘይት የሚጠብሱ ቤቶች አሉ።

አላግባብ ከተጠየቃችሁ ሒሳቡንና ሰሌዳውን ፎቶ አንሱ። ከዚያ ሲቲዝንስ አድቫይስ ወደሚባለው የነጻ ምክር ድርጅት የሸማቾች መስመር፣ 0808 223 1133 ደውሉ። ነጻ ነው። ጉዳዩን የነጋዴዎችን አሠራር ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ ለትሬዲንግ ስታንዳርድስ፣ ያስተላልፉታል። እኛም ደውለናል።