ስምንት ወር ያገለገለ የስኳር መለኪያ፦ ማሽኑ ደህና ነው፣ ወሬው ስትሪፑ ላይ ነው

መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ለየብልቃጡ ኮድ ማስገባት የማትጠይቅ፣ በአምስት ሰከንድ ቁጥር የምታወጣ ተራ ግሉኮሜትር ናት። ደብረ ማርቆስ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ለስምንት ወር ተለክቶባታል፤ ባለ 50 ስትሪፕ (የደም ጠብታውን የምትስበው፣ ማሽኑ ላይ የምትሰካው ቀጭን ቁራጭ) ብልቃጥ አሥር ገደማ አልቋል። ሲአር 2032 የተባለችው ጠፍጣፋ ባትሪ አንዴ ተቀይራለች። ሌላ ብልሽት የለም። ስለ ማሽኑ የሚባለው ይኸው ነው።

ሊገዛ ያሰበ ሰው «ማሽኑ ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «ስትሪፑ በየወሩ ይገኛል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ስትሪፕ የሌለው ማሽን ጥይት ያለቀበት ጠመንጃ ነው። የአንዱ ሞዴል ስትሪፕ ብዙውን ጊዜ ለሌላው አይሆንም፣ አምራቹ አንድ ቢሆን እንኳ። የዚችኛዋም በስምንቱ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ 15 ፍሬ ሲቀር ቀጣዩን ብልቃጥ መግዛት ነው፤ ለዓመት ብሎ ማከማቸት ደግሞ ቀኑ ያልፍበታል።

ስለ ቀን ካነሳን፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ነው። ብልቃጡ ላይ የታተመው የፈረንጅ ዘመን ነው። 2026-08 የሚለውን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ገና ስምንት ዓመት ያለው ይመስለዋል፤ ስትሪፑ ግን ነሐሴ 2018 ላይ ያበቃለታል። ሁለተኛ ቀንም አለው፦ ከተከፈተ በኋላ እንደ ስሪቱ በአብዛኛው ሦስት ወይም ስድስት ወር ብቻ ነው የሚያገለግለው። የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ብልቃጡ ላይ መጻፍ ነው። ስትሪፑ ጫፍ ላይ ያለው ኢንዛይም (ከደሙ ስኳር ጋር የሚሠራው ንጥረ ነገር) እርጥበት ካገኘው ይበላሻል፤ ብልቃጡ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ነገር የተደረገው ለዚሁ ነው። አንድ ፍሬ አውጥቶ ክዳኑን ወዲያው ቀጭ ማድረግ። በፍሬ ተቆጥሮ በፌስታል የሚሸጥ ካጋጠመ ይለፋችሁ።

ስትሪፑን ከኢንሱሊኑ ጋር ፍሪጅ ማስገባትም ስህተት ነው፤ ሲወጣ ላብ ያመጣል። አብዛኛው ስትሪፕ ከ30 ዲግሪ በታች ደረቅ ቦታ ይበቃዋል። ማሽኑ ራሱ በአብዛኛው ከ10 እስከ 40 ዲግሪ ካልሆነ አልሠራም ይላል። እንጅባራ ወይም ጮቄ ግርጌ ያለ ቤት መስኮት ላይ ያደረ ማሽን ጠዋት የቴርሞሜትር ምልክት ቢያሳይ አልተበላሸም። ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ 20 ደቂቃ ይቆይ እንጂ ምድጃ ዳር አይቀመጥ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ደግሞ ከመኪናው መስታወት ሥር አንስቶ ቦርሳ ውስጥ መክተት ነው።

ወደ አለካኩ። እጅ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል። ማር የነካ ወይም ሙዝ የላጠ ጣት ላይ የቀረው ስኳር ከደሙ ጋር ተደባልቆ 110 የነበረውን 200 አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ በአልኮል መጥረግ ብቻውን አያስለቅቀውም። ከዚያ በደንብ ማድረቅ፤ ውኃ የቀረበት ጣት ደሙን አቅጥኖ ቁጥሩን ያወርዳል። ክንድን ወደ ታች ለቆ ትንሽ ማራገፍ፣ ከዚያ የጣቱን መሀል ሳይሆን ጎኑን መውጋት። መውጊያዋ ላይ ከ1 እስከ 5 የጥልቀት ቁጥር አለ፤ በ2 ጀምሩ፣ ሞፈር የያዘ እጅ 4 ሊፈልግ ይችላል። ደሙ እንቢ ካለ ጣቱን እንደ ጡት አትለቡት፤ ከሥጋው የሚወጣው ፈሳሽ ይገባና ቁጥሩ ይዛባል። ስትሪፑ ጠብታውን በአንድ ጊዜ ይሳበው፤ ካነሰው በላዩ አይጨመርም፣ ስትሪፑ ተጥሎ በሌላ ይለካል። መርፌ ከሰው ጋር መጋራት ፈጽሞ አይሆንም።

አሁን ቁጥሩ ምን ያህል ይታመናል? አይኤስኦ 15197 የሚባለው የ2013 (በፈረንጅ) ዓለም አቀፍ የመለኪያ መስፈርት ከ100 ልኬት 95ቱ ከላቦራቶሪው በ15 ከመቶ፣ ከ100 ሚሊግራም (በዴሲሊትር ደም) በታች ሲሆን ደግሞ በ15 ሚሊግራም ልዩነት ውስጥ ከገቡ ይበቃል ይላል። ስለዚህ 128 እና 139 በአምስት ደቂቃ ልዩነት ቢወጡ «ወጣ ወረደ» ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ አንድ ናቸው። ከሆስፒታል ላቦራቶሪ ጋር ማስተያየት የፈለገ በባዶ ሆድ፣ ደም በተቀዳ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጣቱን ይለካ። ከምግብ በኋላ የጣት ደም ስኳር ከደም ሥሩ ደም ከፍ ይላል። ቱቦ ውስጥ የቆየ ደም ደግሞ ካልተጣራ በሰዓት ከ5 እስከ 7 ከመቶ ስኳሩን እየበላ ይሄዳል። ደም ማነስ ያለበት ሰው ላይ ማሽኑ ከፍ አድርጎ፣ ደመ ወፍራም ላይ ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ ነፍሰ ጡሮች ይህን ለሐኪማቸው ያንሱ።

የማሽኑ ሰዓትም በፈረንጅ ነው። የጠዋት 1 ሰዓት ልኬት 7:00 ሆኖ ካልተመዘገበ ማስታወሻው ላይ የጾሙና የምሳው ይቀላቀላል። ባትሪ ሲቀየር ሰዓቱ ስለሚጠፋ እንደገና ይስተካከል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ባለ መስመር ደብተር ነው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ የተበላው።

የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ለአብዛኛው አዋቂ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ምግብ ከተጀመረ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ከ180 በታች ይላል። ለአዛውንትና ስኳሩ ቶሎ ለሚወርድበት ሐኪሙ ላላ ያደርገዋል። ማሽኑ ቁጥሩን 7.2 ዓይነት ካሳየ መለኪያው ሚሊሞል ነው፤ በ18 ማባዛት፣ 130 ገደማ ይሆናል።

ጠዋት ጠዋት ብቻ መለካት ግን ስትሪፕ ማባከን ነው ባይ ነን። የ30 ቀን አማካዩ 130 ሆኖ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ (ኤችቢኤ1ሲ) 8 ከመቶ ቢመጣ (ይህ በአማካይ 183 ማለት ነው) ማሽኑ አልዋሸም፤ የተቀረው ቀን አልተለካም። ጥንድ ጥንድ አድርጎ መለካት ይሻላል፦ ከራት በፊት አንድ፣ ከመጀመሪያዋ ጉርሻ ሁለት ሰዓት በኋላ አንድ። ሦስት ቀን እንዲህ፣ ቀጥሎ ሦስት ቀን በምሳ። ለምሳሌ ሁለት እንጀራ በድንች ወጥ ተበልቶ 118 የነበረው 236 ቢገባ፣ በማግስቱ አንድ እንጀራ በምስርና በጎመን አድርጎ ያንኑ ሰዓት ማየት ነው። ምክር ከሚሰማው ይልቅ ይህን ልዩነት ያየ ሰው ሳህኑን ይቀንሳል።

ጠዋት አልወርድ ካለ ለጥቂት ቀን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይለካ። ያኔ ደህና ሆኖ ሲነጋጋ ከወጣ የንጋት ሆርሞኖች ሥራ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከፍ ካለ ራቱ ወይም የመድኃኒቱ መጠን ነው። ወርዶ ከተገኘ የማታው ኢንሱሊን በዝቶ ይሆናል፣ መጨመርም አደጋ ነው። መጠኑን የሚቀይረው ሐኪም ነው፤ ደብተሩን ይዞ መሄድ ነው።

ከ70 በታች ሲሆን ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወስዶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት። ቆሎ አዝጋሚ ነው፣ አይደርስም። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፣ ሩጫው ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ግሊበንክላማይድ (ስኳር የሚያወርድ ክኒን) ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት ከጾመ 6 ሰዓት ላይ ይለካ፤ ከ70 ከወረደ እዚያው ያፈርሳል፤ ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር አስቀድሞ ይነጋገርበት። አረቄ ጉበትን ስኳር ከማውጣት ስለሚያግደው ማታ የተጠጣው ሌሊት ወይም በማግስቱ ጠዋት ስኳሩን ሊጥለው ይችላል።

ማሽኑ በቁጥር ፈንታ ኤችና አይ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ካወጣ «ሃይ» ማለቱ ነው፣ በብዙዎቹ ማሽኖች ከ600 በላይ። ኤልና ኦ ከሆነ «ሎው» ነው፣ ከ20 በታች። ሁለተኛው ሲመጣ ስኳሩ ይቅደም። የመጀመሪያው ከሆነ እጅን ታጥቦ በአዲስ ስትሪፕ መድገም፤ ከደገመው ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል።