አዲስ ኮፒ ወይስ ያገለገለ ኦሪጅናል? ለለማጅ የሚሆን 125 ሞተር

"ምን ዓይነት ሞተር ልግዛ?" በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ጠይቆኛል። የመጨረሻው የአጎቴ ልጅ ነው፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የአምስት ሞተር ፎቶ ልኮ "አንዱን ምረጥልኝ" አለኝ። አራቱም ገና ለማጅ ናቸው። አራቱም የያዙት ገንዘብ ተመሳሳይ ነው። የአራቱም ልብ ደግሞ የተንጠለጠለው አዲሱ፣ የሚያብረቀርቀው፣ ርካሹ ሞተር ላይ ነው። እኔም ስጀምር እንደዚያው ነበርኩና አልፈርድባቸውም። ግን ለእያንዳንዱ እየደወልኩ አንድ ነገር ከምደጋግም አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው፣ የድሮውን የሆንዳ ሲጂ 125 አሠራር እየቀዱ፣ ስም እየቀያየሩ የሚያወጡት አዲስ ሞተር ነው። ሁለተኛው፣ በዚያው ገንዘብ የሚገኝ፣ ጥቂት ዓመት የሠራ ያማሃ ዋይቢአር 125 ነው። ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ የማደላው ላገለገለው ያማሃ ነው። ስለ ፍጥነትና ስለ ጉልበት አልጽፍም። ሁለቱም 10 ፈረስ ጉልበት ገደማ ናቸው፣ ሁለቱም ለማጅ ከሚችለው በላይ ይሮጣሉ።

ከዋጋው እንጀምር፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ነው። ገንዘቡ በየአገሩ ስለሚለያይ የአዲሱን ኮፒ መግዣ 100 ብለን እንያዘው። እኔ ስገዛ ደህና የተያዘ የሰባት ዓመት ዋይቢአር 105 ይጠየቅበት ነበር። አዲሱ ዋይቢአር ከ200 በላይ ስለነበር አላሰብኩትም። "አዲስ ነገር በ100 እያለ ለምን የሰው አሮጌ በ105 እገዛለሁ?" አልኩና ኮፒውን ገዛሁ። የከፈልኩትን ሁሉ ደብተር ላይ የመጻፍ አባዜ አለብኝ። ቤንዚንና ዘይቱን፣ ጥቃቅኑንም ሳልቆጥር፣ በአሥራ አራት ወር ውስጥ የወጣው ይኸውላችሁ። ሰንሰለት ከነጥርሶቹ ሁለት ጊዜ፣ 8። ሁለት ጎማ፣ 7። የፍሪሲዮን ሸራ፣ 4። ካርቡሬተር፣ 4። ባትሪ፣ 3። የጎማ ኩሽኔታ፣ 2። የመሪ ኩሽኔታ፣ 2። ለመካኒክ እጅ፣ 9። ድምሩ 39 ነው። ሰልችቶኝ ስሸጠው ደግሞ 35 ሰጡኝ፣ እሱንም ለምኜ። 100 ላይ 39 ደምሩበት፣ 35 ቀንሱለት፣ 104 ይመጣል። በአሥራ አራት ወር የሞተሩን ሙሉ ዋጋ፣ ከነትርፉ፣ በልቼዋለሁ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያንኑ የናቅኩትን ዓይነት ዋይቢአር በ105 ገዛሁ። በገዛሁ ሳምንት ጎማና ሰንሰለት ቀየርኩለት፣ 12። በሦስት ዓመት ውስጥ ሌላ 14 አወጣሁበት። በ85 ሸጥኩት፣ ማስታወቂያውን ባወጣሁ ማግሥት። ሒሳቡ 46 ነው። ለሦስት ዓመት! ይህን ቁጥር ለአጎቴ ልጅ ስነግረው "ያንተ ዕድል ነው" አለኝ። ዕድል የለበትም ማለት አልችልም፤ ግን ለማጅ የመጀመሪያ ሞተሩን ብዙ ጊዜ ይዞ አይቆይም፣ አንድ ሁለት ዓመት ነድቶ ከፍ ያለ ይፈልጋል። ስለዚህ ስትገዙ ከምትከፍሉት እኩል ስትሸጡ የሚመለስላችሁን አስቡ። አዲስ ኮፒ ዋጋው የሚወድቀው ከመደብሩ በር በወጣበት ቀን ነው። ያገለገለው ያማሃ ግን የሚወድቀውን ያህል በመጀመሪያው ባለቤቱ ላይ ወድቆ ጨርሷል።

ገንዘቡ አናደደኝ፣ ግን ከገንዘቡ በላይ የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ለማጅ ስትሆኑ ጥፋቱ የእናንተ ይሁን የሞተሩ መለየት አትችሉም።

የእኔው ኮፒ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የቀኙ ስፖኪዮ እየላላ መንገዱን ትቶ የራሴን ፊት ያሳየኝ ጀመር። ይሄ ያስቃል። ቀጥሎ የማርሚታው ብሎን መንገድ ላይ ወድቆ ቀረ። ሌሎቹን ላጥብቅ ብል የብሎኑ ራስ እንደ አይብ ተላጠ። ይሄም ይሁን። ፎሌ፣ ማለትም ማርሹ ምንም ውስጥ የማይገባበትን ቦታ፣ ማግኘት ግን ስቃይ ነበር። መብራት ላይ ቆሜ በእግሬ ስፈልግ፣ አንደኛና ሁለተኛ ላይ ስመላለስ፣ አረንጓዴው በርቶ ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክስ ያስጮኽብኛል። ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጡት ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ሲፈልገው ይወጣል፣ ሲፈልገው ወርዶ ሞተሩ ይጠፋል። እኔ ደግሞ ፍሪሲዮን መልቀቅ የማልችል ደደብ ነኝ ብዬ ደምድሜ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ዘንቦ፣ የእግረኛ ማቋረጫው ነጭ ቀለም ላይ፣ በሩጫ ፍጥነት እንኳን ሳልሆን፣ የፊቱ ጎማ ከሥሬ ሄደ። ጉልበቴ ተላጠ። ያኔም ጥፋቱን ለራሴ ሰጠሁ።

በኋላ ጎማውን ስቀይር ነው የገባኝ። ከፋብሪካ የመጣው ጎማ ድንጋይ ነው፤ ጥፍር አይገባበትም። በደህና ጎማ ያንኑ ቦታ፣ በዚያው ዝናብ፣ ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ። ፎሌው ደግሞ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ስለማይለቅ ነበር። ዋይቢአሩ ላይ በመጀመሪያው ቀን ፎሌ በአንድ ንክኪ ስትገባልኝ መሳቅ ነው ያማረኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ጥፋተኛው እኔ ሳልሆን ኮፒው ነበር።

አሁን ለሲጂ ፍትሐዊ ልሁን። ሆንዳ ይህን ሞተር በ1976 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው ዘይት የሚረሳ፣ ከልክ በላይ የሚጭንና ጋራዥ የማያይ ሰው እንደሚነዳው አስቦ ነው። ካምሻፍቱን፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚያስከፍተውን ተሽከርካሪ ብረት፣ ከላይ ከማድረግ ይልቅ ታች አኖረውና ቫልቮቹን በዘንግ እንዲገፋ አደረገው። የሚላላ የካምሻፍት ሰንሰለት የለውም። የኋላውን ሰንሰለትም አቧራና ጭቃ እንዳይበላው ሙሉ በሙሉ ሸፈነው። በፓኪስታን እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ሲመረት የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቹ ኮፒዎች ሞተሩን (ኢንጂኑን) ቀዱ፣ የሰንሰለቱን ሽፋን ግን ጣሉት፣ ምክንያቱም ሽፋን ገንዘብ ነው። የእኔ መካኒክ በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰው፦ "ወንድሜ፣ ሞተሩ ምንም አይልህም፤ የሚጨርስህ ዙሪያው ነው።" እውነቱን ነው። ከደብተሬ ላይ ፒስተን ወይም ፋሻ የሚል አንድም መስመር የለም። የበላኝ ኩሽኔታው፣ ጎማው፣ ሰንሰለቱ፣ ባትሪው ነው።

"ቻይና ስለሆነ ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። ዋይቢአር 125 ራሱ በአብዛኛው የተሠራው ቻይና ውስጥ ነው፣ ያማሃ ከቻይና ኩባንያ ጋር ባቋቋመው ፋብሪካ። አገሩ አይደለም ነገሩ። ብረቱን ማን መረጠው፣ ብሎኑን ያጠበቀውን ሰው ማን ተቆጣጠረው ነው ጥያቄው።

ሻጮች የሚወዷት ሌላ አባባል አለች፦ "ሲጂ ነው፣ ዕቃው በየቦታው አለ።" ግማሿ እውነት ናት። የሞተሩ ዕቃ አለ። ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር እዩ፤ 156 ኤፍኤምአይ የሚል ከሆነ መጀመሪያ ያለው 1 አንድ ሲሊንደር ማለት ነው፣ 56 የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊሜትር፣ ኤፍ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ኤም የሞተር ሳይክል፣ አይ ደግሞ የ125 መደብ። ይህን ኮድ ጽፋችሁ ከያዛችሁ የሞተር ዕቃ አታጡም። የፍሬን ሸራው፣ ካቦው፣ የጎማው ኩሽኔታ፣ የመብራቱ ፕላስቲክ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ፋብሪካው በዚህ ዓመት ከአንዱ ገዝቶ ይገጥማል፣ በሚቀጥለው ከሌላው። እኔ የኋላ ፍሬን ሸራ ፍለጋ አሮጌውን በፌስታል ይዤ ስድስት ሱቅ ዞሬያለሁ። ሰባተኛው ላይ ያገኘሁት በፋይል ተሞርዶ ነው የገባው። ፍሬን ተሞርዶ!

የዋይቢአር ዕቃ ዋጋው ከፍ ይላል፣ አልዋሽም፤ ሰንሰለቱ ከነጥርሶቹ የኮፒው 4 ሲሆን የእሱ 5 ነበር። ግን ቁጥሩን ትናገራላችሁ፣ ይመጣል፣ ይገባል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፣ የውሸት ዕቃ ለኦሪጅናል ሞተርም ይሸጣል። በተለይ ካንዴላ። ኤንጂኬ የተጻፈበት ሁሉ ኤንጂኬ አይደለም። ዋጋው ከሌላው ሱቅ ግማሽ ከሆነ ሻጩ አዝኖላችሁ አይደለም።

ዋይቢአር እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። የእኔው ማርሚታው ከሥር ዝጎ ነበር፣ የፊት ፍሬኑ ጭቃ ሲበዛበት ይይዛል፣ ሰንሰለቱም የተገለጠ ስለሆነ ካልተቀባ ቶሎ ያልቃል። መልኩም የመንግሥት ሠራተኛ ይመስላል። የመጀመሪያዎቹ ካርቡሬተር ያላቸው ናቸው፤ ለአውሮፓ ገበያ ይሄዱ የነበሩት ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዳጅ በኢንጀክሽን የሚረጩ ሆነዋል። መካኒካችሁ ኮምፒውተር ከሌለው ካርቡሬተሩን ውሰዱ። ኢንጀክሽኑ ጠዋት ያለ ጣጣ ይነሳል፣ ግን ባትሪው ሲሞት አብሮ ይሞታል።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። እንደ ኬቲኤም 125 ዱክ ወይም ያማሃ አር 125 ያሉ በውሃ የሚቀዘቅዙት 15 ፈረስ ጉልበት ናቸው፣ ደስ ይላሉ፣ ግን ለማጅ ይወድቃል። የአር 125 የጎን ፕላስቲክ አንዴ ሲሰነጠቅ የሚጠየቀውን ዋጋ ሰምቼ ስልኩን ዘግቻለሁ። ፍሪሲዮን እጀታ የሌላቸው እንደ ሆንዳ ሱፐር ከብ ያሉት ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ100 ሚሊዮን በላይ የተሠሩት በከንቱ አይደለም፤ ለሥራ ብቻ ከሆነ እነሱን ግዙ። ማርሽ መልመድ የሚፈልግ ግን በእነሱ ፍሪሲዮን አይለምድም፣ በአውሮፓም በእንዲህ ያለው የተፈተነ ሰው መንጃ ፈቃዱ ላይ ገደብ ይጻፍበታል። 250 ልግዛ የሚለኝን ሰው መጀመሪያ በጠባብ መንገድ ዞሮ እንዲመለስ ነው የምጠይቀው።

"አይ፣ እኔ አዲስ ነው የምፈልገው" ካላችሁ፣ እሺ። ኮፒውን ግዙና ከዋጋው ላይ 15 ያህል ለብቻ አስቀምጡ። ገና ሳትነዱት ብሎኑን ሁሉ አስጠብቁ፣ የሚላላውን በማጣበቂያ። ጎማውን በመጀመሪያው ቀን ቀይሩ፣ ይህን ለነገ አትበሉ። የመጀመሪያውን ዘይት መጽሐፉ እስኪላችሁ አትጠብቁ፣ 300 ኪሎሜትር ላይ ድፉት፤ የእኔው ሲወጣ ብር እንደተፈጨበት ያብለጨልጭ ነበር። አዲስ ስትሞሉ የመኪና ዘይት አታድርጉ። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን የሚሠራው ዘይቱ ውስጥ ነው፤ ብዙ የመኪና ዘይት ደግሞ ማለስለሻ ስላለበት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ፈልጉ፣ ዘይቱ ለእንዲህ ያለው ፍሪሲዮን እንደሚሆን የሚያሳይ ምልክት ነው። ይሄኛው ምክር ለዋይቢአርም ይሠራል፣ ለማጅ ያለ እሱም ፍሪሲዮን ያቃጥላል።

ያገለገለ ስታዩ ደግሞ ቀለሙን ተዉት። ጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፤ 3519 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ግን ያረጀ ጎማ ዋጋ ማስቀነሻችሁ ነው። የሰንሰለቱ ጥርሶች እንደ መንጠቆ ከተጣመሙ እሱንም ቀንሱ። የፊቱን ጎማ አስነስታችሁ መሪውን ቀስ ብላችሁ አዙሩት፣ መሀል ላይ ቀጭ ብሎ ከያዘ ኩሽኔታው አልቋል። የሻንሲው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ካልገጠመ ደግሞ ዋጋ አትደራደሩ፣ ደህና ዋሉ ብላችሁ ሂዱ።

የአጎቴ ልጅ ቅዳሜ አንድ ዋይቢአር ሊያይ ነው። ባለቤቱ 110 ብሏል፣ እኔ ከ100 በላይ እንዳትከፍል ብዬዋለሁ። ይህንንም ነግሬዋለሁ፦ እንደደረስክ ሰላም ከማለትህ በፊት እጅህን ሞተሩ ላይ አድርግ፣ ትኩስ ከሆነ ሰውዬው ቀድሞ አስነስቶታል፣ ጠዋት እንዴት እንደሚነሳ እንድታይ አልፈለገም ማለት ነው። ቡና ጠጥተህ፣ ቀዝቅዞ፣ ራስህ አስነሳው። እስኪቀዘቅዝ ካልጠበቀህ ደውልልኝ፣ ሌላ አለ።