ባለ ጎማው ኖዝል እና የኔ ሞተር፦ ከ5 ኮከብ 3

ስለ ሬስቶራንት ሪቪው ሚጽፍ ሞልቷል፣ ስለ ማደያ ኖዝል (ነዳጅ ሚቀዳበት የሆዙ ጫፍ) ሚጽፍ ሰው አይታችሁ ካላወቃችሁ ግን ይኸው ዛሬ አያችሁ። ኤልኤ (ሎስ አንጀለስ) ነው ምኖረው፣ ምነዳው ሆንዳ ሬብል 500 ነው፣ 471 ሲሲ፣ ታንኩ 11 ሊትር ከምናምን ብቻ ነው ሚይዘው፣ በጋሎን 3 እንኳን በቅጡ አይሞላም። ስለዚህ በሳምንት ሁለቴ አንዳንዴም ሶስቴ ማደያ አለሁ። ባለ መኪናው አንዴ ሞልቶ ሳምንቱን ሲረሳው እኔ ከኖዝሉ ጋር ዝምድና ፈጥሬአለሁ ማለት ይቻላል፣ ጥሩ ዝምድና ነው ወይ ከተባለ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

አዳማ እያለሁ ያጎቴን ያማሃ ስነዳ ነዳጅ መሙላት ሚባል ነገር ስራ አልነበረም። ክዳኑን ትከፍታለህ፣ «ፉል አርገው» ትላለህ፣ ቀጂው ይቀዳልሃል፣ ኖዝሉም ባዶ ብረት ነው፣ እንደ ጀበና አፍ ቀጥ ብሎ ገብቶ ይወጣል። እዚ መጥቼ የመጀመሪያ ቀን ኖዝሉን ሳነሳው አንገቱ ላይ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ወፍራም ጥቁር ጎማ አለው። ምንድነው ይሄ ሳልል ታንኩ ውስጥ ከተትኩት፣ መያዣውን ሳብኩ፣ ምንም የለም። ደግሜ ሳብኩ። ዝም። ፓምፑ ተበላሽቷል ብዬ ውስጥ ገባሁ፣ ካሸሩ ስክሪኑን አይቶ «ይሰራል» አለኝ፣ ተመለስኩ፣ አሁንም ዝም። አጠገቤ ፒክአፕ ሚሞላ ሰውዬ ሲያየኝ ቆይቶ መጣና በእጁ ምልክት አሳየኝ፣ ጎማውን ወዳንተ ሳበው። በግራ እጄ ሳብኩት፣ ቀኝ እጄ ግን በንዴት መያዣውን እስከ መጨረሻ ጨምቆት ስለነበር ነዳጁ ባንዴ ቧ ብሎ ወጣና ታንኩ ውስጥ ተጋጭቶ ተመልሶ ጂንሴ ላይ። ቀኑን ሙሉ ቤንዚን ቤንዚን ስሸት ዋልኩ፣ አውቶቡስ ውስጥ ብሆን ያስወርዱኝ ነበር።

ጎማው ለምን እንደተደረገ ከገባኝ በኋላ ንዴቴ ትንሽ በረደ። ጀሪካን ውሃ ስትሞሉ ውስጥ የነበረው አየር እንፍ እንፍ እያለ ሚወጣው ነገር አለ አይደል? የነዳጅ ታንክም እንደዛው ነው፣ ብቻ ሚወጣው ባዶ አየር ሳይሆን የቤንዚን ትነት ነው፣ ውስጡ ደግሞ ካንሰር ያመጣል ሚባለው በእንግሊዝኛ benzene ሚሉት ኬሚካል (ስሙ ከነዳጁ ጋር ቢመሳሰልም ሌላ ነገር ነው) አለበት። 11 ሊትር ስትቀዳ ወደ 11 ሊትር ሚጠጋ ትነት አፍንጫህ ስር ይወጣል። ትነቱ ከመኪና ጭስ ጋር ሆኖ ፀሐይ ሲመታው ኦዞን ይሆናል፣ የኤልኤን ሰማይ ቡናማ ያረገው ስሞግ ሚሉት ብክለት ውስጥ ዋናው አንዱ እሱ ነው። ተራሮቹ ከተማዋን ከበው ስለያዟት ደግሞ የትም አይሄድም። እናም ካሊፎርኒያ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ነው ይሄን ነገር የጀመረችው፣ ጎማው የታንኩን አፍ ይገጥማል፣ ትነቱ በዛው ሆዝ ውስጥ ባለ ሌላ መንገድ ተመልሶ ማደያው መሬት ስር ወዳለው ታንከር ይገባል። ሆዙ ወፍራምና ከባድ የሆነው ለዛ ነው፣ ቱቦ ውስጥ ቱቦ ነው።

ያ የመጀመሪያ ቀን ዝም ያለኝ ኖዝል ታድያ አልተበላሸም ነበር። ጎማው ካልተጨፈለቀ ነዳጅ ሚከለክል መቆለፊያ ውስጡ አለ። መኪና ላይ ኖዝሉ ጥልቅ አንገት ውስጥ ስለሚገባ ጎማው በራሱ ጊዜ ይጨፈለቃል፣ ቁልፉ ይከፈታል፣ ሰውየው ቆሞ ስልኩን ያያል። ሞተር ላይ ግን አንገት ሚባል ነገር የለም፣ ታንኩ ከላይ የተበሳ ቀዳዳ ነው፣ ጎማው ሚደገፍበት ቦታ የለውም፣ ገፍተህ ልታስገባው ብትል ብረቱ የታንኩን ወለል ይነካል።

ምን እንደሚያስቀኝ ልንገራችሁ። ከ1998 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ሚሸጡ መኪናዎች ትነቱን ራሳቸው ውስጥ ከሰል በተሞላ ቆርቆሮ ይዘው ሚያስቀሩበት ዘዴ እየተገጠመላቸው መጣ። በ2012 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት ይሄ ዘዴ በበቂ ተስፋፍቷል ብሎ ክፍለ ግዛቶች የማደያውን ጎማ ማንሳት ትችላላችሁ አለ፣ ብዙዎቹም አነሱት። ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ይሄን ሁሉ ስነግረው «የምን ጎማ?» ነው ያለኝ። ካሊፎርኒያ ግን አላነሳችም፣ እንደውም በ2009 አጥብቃ አዲስ ስታንዳርድ አስገባች። ሞተርስ? ሞተር ያ የመኪናው ግዴታ አይመለከተውም፣ ስንሞላ ሚወጣውን ትነት ምንይዝበት ነገር የለንም። ስለዚህ ዛሬ ጎማው ከምር ሚያስፈልገው ለማን ነው ካላችሁ ለአሮጌ መኪናና ለኛ ለሞተረኞቹ ነው፣ እኛ ደግሞ ጎማውን በእጃችን ወደ ኋላ ስበን ትነቱን ወደ ሰማይ ምንለቅ ሰዎች ነን! ጥርስ ለሌለው ቆሎ እንደማደል ነው። ሁለት ኮከብ የቀነስኩት በዚህ ነው፣ እድሜውን ሙሉ አንድም ሞተር ይዞ ሚመጣ ሰው ትዝ ያላለው ዲዛይን ነው።

ሁሉም ኖዝል አንድ አይነት እንዳይመስላችሁ ግን። ረጅም አኮርዲዮን ያለው አለ፣ እሱ ነው የጠላቴ አለቃ፣ ስፕሪንጉ ጠንካራ ነው፣ ታንኩ እስኪሞላ ጎማውን ስቦ መያዝ ክንድ ያዝላል፣ ስትስበው ደግሞ ጎማው ተጣጥፎ ተጠራቅሞ የታንኩን አፍ ይሸፍንብሃል፣ ነዳጁ የት እንደደረሰ አይታይህም። ሌላኛው አጭር ነው፣ ጫፉ ላይ የስኒ መጠን ያለው ለስላሳ ጎማ ብቻ ነው፣ ትነቱን በፓምፕ እየሳበ ነው ሚወስደው። ይሄኛው ለሞተር ገነት ነው፣ ጎማውን በሁለት ጣት ገፋ ታረጋለህ፣ ውስጡን እያየህ ትቀዳለህ፣ ትንሽ ትነትም ሳይስብ አይቀርም መሰለኝ ምክንያቱም ሽታው ያንሳል። እዚሁ ኤልኤ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሊትል ኢትዮጵያ ሚባለው የሀበሻ ሰፈር ቡና ልጠጣ ስሄድ ሁለት ማደያ አልፌ ሶስተኛው ጋ ምሞላው ለዚህ ነው፣ በጋሎን አስር ሳንቲም ይወደዳል፣ ለ2 ጋሎን ተኩል 25 ሳንቲም መሆኑ ነው፣ ከጂንስ ማጠቢያ ይረክሳል።

አሞላሌን ለጀማሪ ልንገር። ኖዝሉ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ ነዳጅ ሲሸፍናት ኖዝሉ ቀጭ ብሎ ይዘጋል። መኪና ላይ ይሰራል። ሞተር ላይ ግን ኖዝሉን ጥልቅ ስለማታስገባው አንዳንዴ ታንኩ ከሞላ በኋላ ነው ሚነቃው፣ አንዳንዴ ደግሞ ሩብ ሳይሞላ በአረፋው ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል። እሱን አትመኑ፣ አይናችሁን እመኑ። መያዣውን ቆልፎ ሚይዘውን ማንጠልጠያም አትንኩት፣ እሱ ለባለ መኪና ነው። መያዣውን በቀስታ፣ ግራ እጅ ጎማው ላይ፣ መጨረሻ ላይ ጠብ ጠብ። ሞተሩ በጎን ማቆሚያው ስለሚያጋድል በደንብ ሚሞላው ቀጥ ሲል ነው፣ ቀጥ እንዲል ደግሞ ላዩ ላይ ተቀምጠህ በእግርህ መያዝ አለብህ፣ ላዩ ላይ ከተቀመጥክ ደግሞ ቢፈስ ሚፈሰው የት እንደሆነ አስቡት። እኔ ወርጄ ነው ምሞላው፣ ግማሽ ሊትር ቢቀር ይቅር፣ ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ።

እስከ አፍ ጢም አርጎ መሙላት ሚወድ ጓደኛ አለኝ። ሬብልም ሆነ ሌላ እዚ ካሊፎርኒያ ሚሸጥ ሞተር ቆሞ እያለ ሚተነውን ሚይዝ ትንሽ የከሰል ቆርቆሮ አለው (ስትሞላ ሚወጣውን ግን አይዝም፣ ቅድም ያልኩት እሱን ነው)፣ ከልክ በላይ ስትሞላ ፈሳሹ ራሱ ወደዛ ይገባና ከሰሉን ያበላሸዋል፣ ከዛ ሞተሩ አልነሳ ይላል፣ ሲነሳም ይንተባተባል። ጓደኛዬ ካንዴላ ቀየረ፣ ባትሪ ቀየረ፣ መጨረሻ ላይ ነው መካኒኩ የነገረው። ፓምፑ ላይ «ከዘጋ በኋላ አትጨምሩ» ተብሎ ሚለጠፈው ለጌጥ አይደለም። ከታንኩ አፍ ታችኛው ጠርዝ በታች አቁሙ፣ ነዳጅ በፀሐይ ሲሞቅ ሚለጠጥበት ቦታ ይፈልጋል።

ጨርቅ ያዙ። ይሄን በደንብ ያዙልኝ። ከታንኩ በቀኝ በኩል ሚፈስ ጠብታ ቀጥታ ሚሄደው የጋለው ሞተርና ማርሚታ ላይ ነው፣ አንዴ ጭስ ሲል አይቼ ነፍሴ ወጥታ ነው የተመለሰችው፣ ከዛ በኋላ ማደያ ስደርስ ሁለት ሶስት ደቂቃ ሳላቀዘቅዝ ክዳኑን አልከፍትም። ቀለሙንም ቶሎ ካልጠረጋችሁት ያደበዝዘዋል።

ከኖዝሉ ጋር ባይገናኝም አንድ ነገር ልተንፍስ፣ ካርድ ስትጠቀሙ ማደያው ምን ያህል እንደምትቀዱ ስለማያውቅ አስቀድሞ መቶ ዶላር ምናምን ይይዝባችኋል፣ እኔ ምቀዳው የ12 ዶላር ነው! ደሞዝ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ይሄ ቀልድ አይደለም። ገብታችሁ በካሽ ክፈሉ።

ባለፈው ፀደይ በአይ 10 መንገድ አሪዞና ሄጄ ኳርትዝሳይት ሚባል የበረሃ ከተማ ቆሜ ስቀዳ ኖዝሉ እርቃኑን የሆነ ብረት። ጎማ የለ፣ ምን የለ። በአንድ እጅ፣ ውስጡን እያየሁ፣ አንዲት ጠብታ ሳትፈስ። አዳማ ትዝ አለችኝ። ግን እውነቱን ለመናገር ሽታው መታኝ፣ ንፋስ ባይኖር ኖሮ ራሴን ሳያዞረኝ አይቀርም ነበር፣ ያኔ ነው ጎማው ስንት ነገር ይውጥልን እንደነበር የገባኝ። አንዱን ኮከብ የመለስኩለት እዛ ነው።

ሌላው የቀነስኩት ኮከብ የጥገና ነው። ጎማው ይቀደዳል፣ ይደርቃል፣ መኪና ጎትቶት ይሄዳል፣ የተቀደደ ጎማ ደግሞ ለሞተረኛ የባሰ ነው ምክንያቱም ቅዳጁ ውስጥ የቀረ ነዳጅ ስትስበው እጅህ ላይ ይንጠባጠባል። ፓምፑ ላይ የአየር ጥራት መስሪያ ቤቱ የአቤቱታ ስልክ ተለጥፏል፣ ማንም ሚያነበው የለም እንጂ። ሶስተኛው ማደያ ያሉት ካሸር ሀበሻ ናቸው፣ ባለፈው ወር ገብቼ «ጋሼ፣ ስድስት ቁጥር ላይ ጎማው ተቀዷል» አልኳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አርገው አዩኝና «ሁለት ሺህ መኪና ቀድቶበታል አንድም ሰው አልተናገረም፣ አንተ ለሁለት ጋሎን መጥተህ?» አሉኝ። ከዛ «ይልቅ ልጄ ይቺን ሞተር ሸጠህ መኪና ግዛ፣ እናትህም እፎይ ትበል» ጨመሩበት። በሳምንቱ ስመለስ ግን ስድስት ቁጥር አዲስ ጎማ ገጥሟል፣ ጥቁሩ እንኳን ገና ያብረቀርቃል። አልሸጥኩም። እሳቸውም ካርዴን ሳወጣ «ካሽ!» ብለው ይቆጡኛል።