ዲክሎፌናክ ጄል፦ ሕመሙን ይቀንሳል፣ የተበላውን አይመልስም

ድሮ ኳስ ስጫወት የተጎዳ ግራ ጉልበት አለኝ። አሁን ደረጃ ስወርድ ያመኛል፣ አንዳንዴም ያብጣል። ጨጓራዬ ክኒን ስለማይችል ሐኪሜ 1 በመቶ ዲክሎፌናክ ጄል አዘዘልኝ።

ጄሉ ልብስ አያበላሽም፤ አልኮል አልኮል መሽተቱ ግን አይመቸኝም። ውጤቱ ቶሎ አይታይም፣ እስከ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። መጠኑም ቀላል አይደለም። ለጉልበት በአንዴ 4 ግራም፣ በቀን 4 ጊዜ ነው የታዘዘልኝ። ጫፉን ነካ አድርጎ “አይሠራም” የሚል ሰው አይገባኝም። ከጄሉ ጋር የምትመጣው መለኪያ ካርድ ለዚህ ነው ያለችው።

የሚያናድደኝ “ካርቲሌጅ ይመልሳል” እያሉ የሚሸጡት ናቸው። አይመልስም! የአጥንት ጫፍ የሚሸፍነው ይህ ልስልስ አካል የደም ሥር የለውም፤ ራሱን መጠገን ይከብደዋል። ነርቭም የለውም፤ ስለዚህ መበላት ሲጀምር ዝም ይላል። መገጣጠሚያ ሲጎዳ የውስጥ ሽፋኑ ይቆጣና እንደ ኢንተርሉኪን-1 ያሉ መልእክተኛ ኬሚካሎችን ይለቃል። መልእክቱ የሚደርሳቸው ካርቲሌጁን የሚሠሩት ሕዋሳት ናቸው። እነሱም አፍራሽ ኢንዛይም ማምረት ይጀምራሉ። ዘበኛው ራሱ ሌባ ሆነ ማለት ነው። ኤምኤምፒ-13 የሚባለው ኢንዛይም ጥንካሬ የሚሰጠውን ኮላጅን ይቆራርጣል፤ ሌሎች ደግሞ ውሃ ይዞ ጫና የሚያበርደውን አግሪካን ያፈርሳሉ። ስብርባሪው ሽፋኑን መልሶ ያስቆጣዋል። ከዚያ እንደገና ከ“ሀ” ይጀመራል።

ዲክሎፌናክ የሚገባው በሌላ በር ነው። ፕሮስታግላንዲን የተባለው ሕመምና እብጠት ቀስቃሽ ኬሚካል የሚመረትበትን ኮክስ የተባለ ኢንዛይም ያግዳል፤ ሕመሙና እብጠቱ ይቀንሳል። ካርቲሌጅ መልሶ እንደሚያበቅል ግን የተረጋገጠ ነገር የለም። እኔ የምፈልገው ፋታውን ነው። ሕመሙ ጋብ ሲል የጭን ጡንቻ ስፖርቴን እሠራለሁ፤ ጡንቻው ሲጠነክር ጉልበቴ ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀላል።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለሽታውና በቀን 4 ጊዜ ለመቀባቱ ጣጣ ነው። ቁስል ላይ አይቀባም፣ ከተቀቡ በኋላ እጅ መታጠብ ግድ ነው። የኩላሊት ወይም የልብ ችግር ያለበት፣ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ከነ አይቡፕሮፌን ክኒን ጋር በራስ ፈቃድ መደረብም አይሆንም።