በመሣሪያ ላይ የሚገጠም መብራት ወይስ የእጅ ባትሪ? ለሌሊት ጥበቃ መብራት ለሚገዙ የቀረበ ንጽጽር

በአዲስ አበባ መሃል ከለገሃር እስከ ፒያሳ፣ ከስታዲየም እስከ አራት ኪሎ ያሉት ዋና ዋና ጎዳናዎች በኮሪደር ልማቱ በተተከሉ መብራቶች ፈክተው ስለሚያድሩ፣ ለሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ መብራት መግዛት ትርፍ ወጪ የሚመስለው የሕንፃ አስተዳዳሪ አይጠፋም። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በደማቅ የመንገድ መብራት ሥር ያመሸ ዓይን ጨለማን በሚገባ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ጥበቃው ደግሞ ከበሩ ተነሥቶ ወደ ምድር ቤቱ የመኪና ማቆሚያ፣ ወደ ጄኔሬተሩ ክፍል ወይም ከሕንፃው ጀርባ ወዳለው የቆርቆሮ አጥር ጥግ የሚደርሰው በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው። እንግዲህ መብራቱ ማስፈለጉ ካልቀረ፣ ገዢው መወሰን ያለበት ጥበቃው በታጠቀው የጦር መሣሪያ ላይ የሚገጠመውን ይግዛ ወይስ በእጅ የሚያዘውን በሚለው ላይ ነው።

ይህ ንጽጽር የተዘጋጀው በሕግ ፈቃድ አግኝተው መሣሪያ ለያዙ የጥበቃ ድርጅቶችና ተቋማት ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ስለሚከለክል፣ በተፈቀደ መሣሪያ ላይም ቢሆን ማንኛውንም ተጨማሪ ዕቃ ከመግጠም ወይም ከውጭ ከማስመጣት በፊት ፈቃድ ሰጪውን አካል በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። የእጅ ባትሪ ግን ማንም ከሱቅ የሚገዛው ዕቃ ነው፤ በእኔ አስተያየት ይህ ራሱ አንዱ ብልጫው ነው።

ሁለቱንም ዓይነት ሲመርጡ ገዢዎች በቅድሚያ የሚያዩት በማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈውን ሉመን ነው። ሉመን ከመብራቱ የሚወጣውን ጠቅላላ ብርሃን ይለካል፤ ብርሃኑ ምን ያህል ተሰብስቦ ሩቅ እንደሚደርስ የሚናገረው ግን ካንዴላ የሚባለው ልኬት ነው። ለአብነት ያህል በሽጉጥ ላይ ከሚገጠሙት ታዋቂ መብራቶች መካከል ስትሪምላይት ቲ ኤል አር 1 ኤች ኤል እና በ1000 ሉመን የሚሸጠው ሹርፋየር ኤክስ 300 አልትራ በሉመን እኩል ናቸው፤ በካንዴላ ግን የመጀመሪያው 20,000፣ ሁለተኛው 11,300 ነው። አምራቾች የሚከተሉት ኤፍ ኤል 1 የተባለው መለኪያ የመብራትን ርቀት የሚያሰላው የካንዴላውን ካሬ ሥር በ2 በማባዛት ስለሆነ፣ የመጀመሪያው 283 ሜትር ገደማ፣ ሁለተኛው 213 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ ማለት ነው። በዚያው ስሌት ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ካንዴላው አራት እጥፍ መሆን አለበት። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው የተባለው ርቀት ላይ የሚቀረው ብርሃን የሙሉ ጨረቃን ያህል ብቻ መሆኑ ነው፤ በዚያ ብርሃን አንድ ሰው መቆሙ ይታያል እንጂ ማን እንደሆነና በእጁ ምን እንደያዘ አይለይም። ስለዚህ ከተጻፈው ርቀት ሲሶውን ብቻ ማመን አስተዋይነት ነው።

ካንዴላው በበዛ ቁጥር ግን ይሻላል ማለት አይደለም። በምድር ቤት መኪና ማቆሚያና በደረጃ ላይ ርቀቱ ከ30 ሜትር እምብዛም ስለማያልፍ፣ እንደ ጦር የቀጠነ ጨረር አንድ ነጥብ ብቻ አብርቶ ግራና ቀኙን ጨለማ ያደርገዋል፤ ከነጭ ግድግዳ ወይም ከአዲስ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍም ተመልሶ የያዘውን ሰው ዓይን ያጥበረብራል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ወይም በጭጋግ ጊዜም እንዲሁ ነው። ለሕንፃ ውስጥ ከ300 እስከ 600 ሉመን ያለው ሰፋ ብሎ የሚበተን ብርሃን በቂ ነው፤ ለሰፊ መጋዘን ግቢ ግን ከ10,000 ካንዴላ በላይ ያለው፣ ማለትም 200 ሜትር የሚደርሰው፣ ይመረጣል።

በመሣሪያ ላይ የሚገጠመው መብራት ዋነኛ ጥቅሙ ሁለቱም እጆች መሣሪያውን እንዲይዙ ማስቻሉና ጨረሩ አፈሙዙ ወዳለበት አቅጣጫ ብቻ መሄዱ ነው። ትልቁ አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል። መብራቱን ወደ አንድ ነገር ማዞር አፈሙዙን ወደዚያ ማዞር ስለሆነ፣ ጥበቃው ቁልፍ የጠፋበትን ተከራይ፣ ዘግይቶ የወጣን የጽዳት ሠራተኛ ወይም በረንዳ ላይ የተኛን ልጅ ለማየት ሲል ጥይት በጎረሰ መሣሪያ ያነጣጥርበታል። በሌሊት ጥበቃ ሥራ መብራት የሚበራው አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው፤ ለዚህ ደግሞ መሣሪያ መምዘዝ ጨርሶ አያስፈልግም። በአሜሪካ ፖሊሶች ዘንድ በሽጉጡ እጀታ ላይ የተሠራውን የመብራት ቁልፍ እጫናለሁ ብለው ምላጭ የሳቡበት አጋጣሚ ተመዝግቧል። ስለዚህ ይህን መብራት መግዛት የግድ ከሆነ፣ ቁልፉ በምላጩ ጣት ሳይሆን በአውራ ጣት የሚነካ እንዲሆን ያስፈልጋል፤ መብራቱ በታጠቀው ሁሉ እጅ ከመግባቱ በፊትም በቂ ሥልጠና መሰጠት አለበት።

ሌላው ችግር የመግጠሚያ ጉዳይ ነው። እነዚህ መብራቶች የተሠሩት ከአፈሙዙ ሥር ሬይል የሚባለው ጥርስ ያለው መግጠሚያ ላላቸው መሣሪያዎች ነው። በየበሩ የምናየው ባለ እንጨት ክላሽ ይህ የለውም፤ ማካሮቭ ሽጉጥም የለውም። በማጣበቂያና በብረት ቀለበት የሚያስሩ ሰዎች አሉ፤ እንደዚያ የታሰረ መብራት በተኩስ ግፊት ስለሚላላ ገንዘብ ማባከን ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሬይል ላለው ሽጉጥ ቢገጠምም የቀድሞው የሽጉጥ ማኅደር አይበቃውም፤ ከነመብራቱ የሚይዝ ሌላ መግዛት ግድ ይላል። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ በአሜሪካ ገበያ የስትሪምላይቱ 150 ዶላር አካባቢ ሲሆን፣ የሹርፋየሩ የዚያ እጥፍ ያህል ነው።

በባትሪ ድንጋይ ረገድ ልዩነቱ የበለጠ ይሰፋል። ከላይ የተጠቀሱት ሁለቱ የሽጉጥ መብራቶች ሁለት ሁለት ሲ አር 123 ኤ የተባሉ፣ ቻርጅ የማይደረጉ የሊቲየም ድንጋዮች ይወስዳሉ። እነዚህ ድንጋዮች ሳይነኩ እስከ 10 ዓመት መቆየታቸው መልካም ሆኖ ሳለ፣ ስትሪምላይቱ በሙሉ ኃይል የሚሠራው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ጥበቃው በሌሊት 15 ደቂቃ ብቻ ቢያበራው እንኳ አንድ ጥንድ ድንጋይ በስድስት ሌሊት ያልቃል፤ ድንጋዩም እንደ ተራው ድንጋይ በየሰፈሩ ሱቅ አይገኝም።

የእጅ ባትሪ ለሚገዛ ሰው ግን ሦስት ምርጫ አለ። በግድግዳ ሶኬት ላይ በቀጥታ የሚሰካው ባለ ፕላስቲክ ባትሪ ርካሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው የእርሳስና አሲድ ባትሪ ስለሆነ ግን ባዶውን ለሳምንታት ከተቀመጠ ይሞታል፣ ዝናብም አይችልም። በተራ ድንጋይ የሚሠራው መብራት ድንጋዩ በማንኛውም ኪዮስክ ስለሚገኝ ለተጠባባቂነት ጥሩ ነው፤ ድንጋዩን ውስጡ ረስቶ መተው ግን ፈሳሹ ወጥቶ መገናኛ ብረቱን እንዲበላው ያደርጋል። ሦስተኛውና እኔ የምመርጠው 18650 በተባለ የሊቲየም ድንጋይ የሚሠራው ባለ አሉሚኒየም ባትሪ ነው። ስሙ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረቱን፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመቱን ያመለክታል፤ ከሁለት ሲ አር 123 ኤ ያላነሰ ኃይል ይይዛል፤ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜም ቻርጅ ይደረጋል።

በዚህ ድንጋይ ላይ ማታለል ስለሚበዛ ገዢው ንቁ መሆን አለበት። እስካሁን በዚህ መጠን የሚሠራ ጥሩ ድንጋይ ከ3,500 ሚሊ አምፒር ሰዓት (ድንጋዩ የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን መለኪያ ነው) እምብዛም አያልፍም፤ 9,900 ተብሎ የተጻፈበት ድንጋይ ያለ ጥርጥር ውሸት ነው። ትክክለኛው ድንጋይ 45 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ጉልህ በሆነ መጠን ከቀለለ ውስጡ ጎዶሎ ነው። የወርቅ ሚዛን ያለው ወዳጅ ያለው ሰው በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው።

በግንባር ላይ የሚታሰረውን መብራት ብዙ አላወራበትም፤ ጄኔሬተር ለሚጠግን ሰው እንጂ ለጥበቃ አይስማማም፣ የሚያናግሩትን ሰው ሁሉ ዓይኑን ስለሚመታ። ውሃ መቋቋሙን በተመለከተ አይ ፒ ኤክስ 4 የሚል ጽሑፍ ርጭትን፣ አይ ፒ ኤክስ 7 ደግሞ በ1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየትን ያመለክታል፤ ለክረምት ሁለተኛውን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ምርጫው እንግዲህ እንደ ሥራው ይለያያል። ለባንክ ቅርንጫፍ፣ ለሆቴልና ለአፓርታማ ጥበቃ የምመክረው አይ ፒ ኤክስ 7 የሆነ፣ ቢያንስ ሁለት የብርሃን ደረጃ ያለውና ከኋላው በአውራ ጣት የሚነካ ቁልፍ ያለው ባለ 18650 የእጅ ባትሪ ብቻ ነው። ገንዘብ ለሚያጓጉዝ ወይም በሠለጠነ የታጠቀ ቡድን ለሚጠበቅ ተቋም፣ ፈቃዱም ሬይሉም ካለ፣ የሽጉጥ መብራት መጨመር ሊያስኬድ ይችላል፤ ያኔም ቢሆን የእጅ ባትሪው ከወገብ መውረድ የለበትም፣ ሰው የሚታየው በእሱ ነውና። ዕቃውን ከመርካቶም ይግዙ ከፒያሳ፣ ከመክፈል በፊት በሱቁ ጨለማ ጥግ አብርቶ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ይጠቅማል፤ ርካሽ መብራት በመጀመሪያው ደቂቃ ደምቆ ሲግል ወዲያው ይደክማል። ለሁለት ተረኞች ሦስት ባትሪ መግዛትም ይበጃል፤ ሁለቱ ሲሠሩ ሦስተኛው በቢሮው ቻርጅ ላይ ያድራል፣ በፈረቃ መቀያየሪያ መዝገብም ከመሣሪያው ቁጥር ጎን ይመዘገባል።