አዳሪ ሠራተኛ ወይስ ተመላላሽ ነርስ? በድሬዳዋና በሐረር አስታማሚን የማሳረፍ ወጪ ሲሰላ

አልጋ ላይ የዋለ ወላጅ ያለበት ቤት ሁሉ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሰው ብናስገባ በወር ስንት ያስወጣናል?» ከዚህ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ መመለስ አለበት። ያ ገንዘብ ወጥቶ አስታማሚዋ የቤቱ ልጅ በሳምንት ስንት ሰዓት ከቤት ትወጣለች? በየወሩ ደህና ብር እየተከፈለ፣ ልጅቱ ከእናቷ አልጋ አጠገብ ለአንድ ከሰዓት እንኳ ሳትርቅ ዓመት የሚሞላባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው።

በሁለቱ ከተሞች በተግባር የሚገኙት መንገዶች አራት ናቸው፦ በደላላ የምትገባ አዳሪ ሠራተኛ፣ ከገጠር የሚመጣ ዘመድ፣ በግማሽ ቀን የሚከፈላት ተመላላሽ ነርስ፣ በሽተኛውን ለጥቂት ቀን ሐኪም ቤት ማስተኛት። ምርጫችንን ከወዲሁ እንናገር፦ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን የምትመጣ ነርስ፣ ከእሷ ሥራውን የተማረ አንድ ዘመድ ወይም ጎረቤት ደግሞ ለክፍተቱ።

ሐኪም ቤት ማስተኛት

ይህኛው ቶሎ ያልቃል። ድል ጮራም ሆነ ሳቢያን፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋናም ሆነ ጀጎል፣ አልጋው ሕክምና ለሚያስፈልገው እንጂ ቤተሰብን ለማሳረፍ አይሰጥም። በግል ከፍሎ ማስተኛት ቢቻል እንኳ አስታማሚ አብሮ ያድራል፤ ማጠቡ፣ ማጉረሱ፣ መድኃኒት ገዝቶ ማምጣቱ የቤተሰብ ሥራ ሆኖ ይቀጥላል። ከቤት አልጋ ወደ ፕላስቲክ ወንበር መዛወር እረፍት አይባልም። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን ደግሞ ቦታ ሲቀየርባቸው ግራ መጋባቱ ይብስባቸዋል፤ ሌሊት ተነስተው ይወድቃሉ።

ዋጋው በእረፍት ሰዓት ሲካፈል

ወርሃዊ ደመወዝን ከወርሃዊ ደመወዝ ጋር ማወዳደር ያሳስታል። ጠቅላላ ወጪውን አስታማሚዋ በእርግጥ ከቤት በወጣችበት ሰዓት አካፍሉት። ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ለስሌት ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ የሰፈራችሁን ዋጋ ተኩባቸው።

አዳሪ ሠራተኛ እንበል። ደመወዝ 5,000፣ ምግብና ሳሙና 3,500፣ የደላላ 1,500፤ በመጀመሪያው ወር 10,000 ብር ወጣ። በዚያ ወር ግን ሠራተኛዋ በሽተኛውን ገና አታውቀውም፤ ብቻዋን አትተዉአትም። ተሳክቶ 20 ሰዓት ብትወጡ፣ አንዱ የእረፍት ሰዓት 500 ብር ሆነ። በሁለተኛው ወር ከለመደች 8,500 ብር ለ60 ሰዓት ነው፤ ወደ 142 ብር ይወርዳል። የሁለቱን ወር ደምሩት፦ 18,500 ብር ለ80 ሰዓት፣ አንዱ ሰዓት 231 ብር። ችግሩ ብዙዎቹ የሚለቁት በዚሁ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር መሆኑ ነው። ያኔ ደላላው እንደገና ይከፈለዋል፣ ማስለመዱም ከአንድ ይጀመራል።

ተመላላሽ ነርስ ደግሞ ለአምስት ሰዓት 600፣ ለባጃጅ ደርሶ መልስ 100 እንበል። በወር ስምንት ጊዜ ስትመጣ 5,600 ብር፣ 40 ሰዓት፤ አንዱ ሰዓት 140 ብር። ይህ ዋጋ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያው ነው፤ ብትለቅም የምታጡት የማስለመጃ ወር የለም። አዳሪዋ ይህን ዋጋ የምትረታው ከሦስት ወር በላይ ከቆየችና በወር ከ60 ሰዓት በላይ ብቻዋን መተው ከተቻለ ነው። እንዲህ ያለች ሠራተኛ ያገኘ ቤት አጥብቆ ይያዛት፤ ደመወዟን ሳትጠይቅ ይጨምርላት።

ሌላም የተደበቀ ወጪ አለ። አዳሪዋ «ለእማማ» ተብላ ትገባና በሁለተኛው ሳምንት እንጀራ ጋገራው፣ ልብስ አጠባው፣ የልጆቹ ምሳ ዕቃ እሷው ላይ ይወድቃል። ቀን ስትሠራ የዋለች ልጅ ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ተነስታ በሽተኛ ታገላብጥ ማለት የማይሆን ነገር ነው። አትነሳም፣ አይፈረድባትምም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን በቀጥታ ስለማይሸፍን፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን እረፍትና የሌሊት እንቅልፏን በጽሑፍ ራሳችሁ ስጧት። እሷም አስታማሚ ናት።

ከደላላ ጋር ሲዋዋሉ

ደላላው በአብዛኛው ከሁለቱም ወገን ይቀበላል። ሠራተኛዋ ቶሎ ብትለቅ ሌላ አገናኝቶ ሌላ ይቀበላል፤ መልቀቋ አይጎዳውም። ስለዚህ ክፍያውን ለሁለት ክፈሉት፦ ግማሹ ስትገባ፣ ግማሹ 60 ቀን ስትሞላ። በዚያ መሀል ከለቀቀች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሌላ ሰው እንዲያመጣ አጽፉ። ተያዡን በስልክ ብቻ አትቀበሉ፤ ቤቱን እዩ፣ መታወቂያውን ከፊቱ ጋር አስተያዩ። አንድ ሰው በአንድ ወር ለሦስት ሠራተኛ ተያዥ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ያለው የደላላው ባልደረባ ነው።

የነርስ ወረቀት፣ የነርስ እጅ

ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ስታወጣ የቆየችም፣ መድኃኒት ቤት የሠራም ሰፈር ውስጥ «ነርስ» ይባላል። የሙያ ፈቃዱን ዋናውን ጠይቁ። ፎቶ ኮፒ ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው የእድሳቱን ቀን ነው። ስሙን ከፋይዳ መታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ፤ ከተጠራጠራችሁ የድሬዳዋ ወይም የሐረሪ ጤና ቢሮ ሄዳችሁ አረጋግጡ።

ደረጃ ላይ ገንዘብ አታባክኑ። የሽንት ቱቦ፣ የአፍንጫ መመገቢያ ቱቦ፣ የሚታሸግ ቁስል ወይም ኢንሱሊን ካለ ፈቃድ ያላት ነርስ የግድ ነው። ማጠብ፣ ማገላበጥና ማጉረስ ብቻ ከሆነ ዲፕሎማ ያላት ትበቃለች፤ የዲግሪ ዋጋ መክፈል ትርፉ ኪሳራ ነው። ማታ ሐኪም ቤት አድራ ጠዋት በቀጥታ እናንተ ቤት የምትመጣዋን አትቅጠሩ። ወንበር ላይ ታንቀላፋለች። የተረኝነት ፕሮግራሟን አሳዩን በሉ።

ከወረቀቱ ይልቅ እጇ ይናገራል። በመጀመሪያው ቀን ቆማችሁ እዩ። በሽተኛውን ከመንካቷ በፊት ታጠበች? መቼ እንደበላ ጠየቀች? ስታነሳው ከየት ያዘችው? ስትሮክ የመታውን ሰው በደከመው ክንድ የሚጎትት ሰው በዚያው ቀን ይሰናበት፤ ትከሻው ከመጋጠሚያው ይወርዳል፣ ሕመሙ ለወራት ይቀራል። ትክክለኛው አያያዝ ከትከሻው ጀርባና ከዳሌው ነው፣ አንሶላውን እንደ ወንጭፍ ይዞ።

አመጋገቧንም እዩ። ስትሮክ ያለበት ሰው ቀጭን ውሃ ሲጠጣ ወደ ሳንባ ሊገባበት ስለሚችል ወፈር ያለ አጥሚት ይሻለዋል። ሰውየው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ ያደርጋል፣ ማንኪያው በግማሽ ይሞላል፤ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ ታይቶ ነው ሁለተኛው የሚሰጠው። ሲጨርስ በደከመው ጉንጭ ውስጥ የቀረ ምግብ በጣት ይፈለጋል። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ሰዓት አይተኛም። ይህን ሳትነገር የምታደርግ ነርስ ካገኛችሁ ስለ 50 ብር አትከራከሩ።

ቋንቋም ዋጋ አለው። የመርሳት ሕመም የጠናበት ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ልጅነት ቋንቋው ይመለሳል። አማርኛ ሲናገሩ የኖሩ እናት ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ወይም ሐረሪ ብቻ የሚሉበት ቀን ይመጣል። «ውሃ» ሲሉ የሚገባት ሰው ከዲግሪ ትበልጣለች።

ሰዓቱ

ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ያዙ። ድሬዳዋ ሙቀቱ ሳይበረታ ማጠብ ይቻላል፣ ባንኩም ገበያውም ክፍት ነው፣ ሁለት ምግብና የቀትር መድኃኒት በነርሷ እጅ ያልቃሉ። ደግሞም ከ8 ሰዓት በኋላ የበርጫ ሰዓት ነው፤ የሚቅም ሠራተኛ ልቡ ወደዚያ ነው፤ በምርቃና ሌሊቱን አንግቶ ጠዋት ይተኛል። ስትቀጥሩ በግልጽ ጠይቁ፣ ማንም አይቀየምም።

የማገላበጫው ሰዓት በዚሁ ይገጥማል፦ 4 ሰዓት በቀኝ ጎን፣ 6 ሰዓት በጀርባ፣ 8 ሰዓት በግራ ጎን። በየዙሩ ጅራት አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝና ክርን ይዳሰሳሉ። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ከዙሪያው የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም የጠቆረ ቦታ ካለ ቁስሉ ከስር ጀምሯል ማለት ነው፤ በዚያ ጎን አይተኛም።

ባጃጁ ላይ ሐረር የራሱ ጣጣ አለው። ቤታችሁ ጀጎል ውስጥ ከሆነ ባጃጅ በጠባቦቹ መተላለፊያዎች አይገባም፤ ነርሷ ከፈረስ መጋላ በእግር ነው የምትመጣው። አምቡላንስም እንዲሁ። አራት ተሸካሚና አንድ ጠንካራ ብርድ ልብስ ቀድመው ይታሰቡ። አፎሻችሁ ወይም እድራችሁ ለቀብር ብቻ አይደለም፤ የሁለት ሰዎች ስልክ ከዚያ ውሰዱ።

ከገጠር የሚመጣ ዘመድ

በብር ሲታይ የሚረክሰው ይህ ነው፤ ለክፍተት መሙያነትም እንወደዋለን። ግን ማሽላ ሲደርስ ይሄዳል፣ ይህ ይታወቅ። ሦስት ጊዜ ነርሷ አጠገብ ቆሞ ይማር፤ በአራተኛው እሱ ይሥራ፣ እሷ ትይ። ጾታውም ይታሰብ፤ ወንድ ልጅ እናቱን፣ ሴት ልጅ አባቷን ለማጠብ በሁለቱም ወገን ይከብዳል። የተወሰነ ብርና የተወሰነ ቀን ይነገረው፤ «እስኪሻላቸው» የሚባል ቀጠሮ ዘመድ ያጣላል። የቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ቤት መጥታ ብታስተምር ክፍያ አትጠይቅም፤ ይህን ዕድል የሚጠቀም ቤት ጥቂት ነው።

ዕቃ ላይ የሚጠፋ ገንዘብ

ሰው ከመቀጠሩ በፊት ዕቃ ይገዛል፣ ገንዘቡም እዚያ ያልቃል። መሀሉ ክፍት የሆነውን የጎማ ቀለበት ፈጽሞ አትግዙ፤ ዙሪያውን ተጭኖ ደም ያግዳል፣ ያልነበረ ቁስል ያመጣል። የአየር ፍራሽ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ርካሹ ኮፒ ፓምፑ ቶሎ ይሞታል፣ መለዋወጫም የለውም። ሱቅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስነፍታችሁ ጠብቁ። ክፍሎቹ እየተፈራረቁ መንፋትና መተንፈስ አለባቸው፤ ሁሉም በአንድ ላይ ተነፍተው ከቀሩ ተራ ፍራሽ ነው። ፓምፑን ንቀሉና መብራት ሲጠፋ በስንት ደቂቃ እንደሚሟሽሽ እዩ። ከስሩ ስፖንጅ ይኑር፤ ፍራሹ ቢኖርም ማገላበጡ አይቀርም።

ዳይፐር በጥቅል ዋጋ አይወዳደር፤ ዋጋውን ለፍሬው አካፍሉት። በቀን አራት ከሄደ በወር 120 ነው፤ በአንዱ ላይ 5 ብር ልዩነት 600 ብር፣ የአንድ ግማሽ ቀን ነርስ ነው። ላስቲክ አንሶላ በድሬ ሙቀት በቀጥታ ቆዳ ላይ ከዋለ ላቡ ቆዳውን ይልጠዋል፤ ሁልጊዜ ጥጥ ከላዩ ይደረግ። አጎበሩም ቀንም ቢሆን ከአልጋው ላይ አይነሳ። በ2011 ዓ.ም. ድሬዳዋን ያመሰው ቺኩንጉንያ የሚተላለፈው ቀን በምትናከስ ትንኝ ነው፤ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ደግሞ እጁን አንስቶ አያባርራትም።

ኢንሱሊን ላለበት ቤት፦ የተከፈተ ብልቃጥ ሙቀት ያበላሸዋል፣ ነርሷም መጠኑን እየጨመረች «ስኳሩ እምቢ አለ» ትላለች። ፍሪጅ ከሌለ ትንሽ ሸክላ ድስት በትልቅ ሸክላ ውስጥ አስቀምጡ፣ መሀሉን በአሸዋ ሙሉ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ በውሃ አርጥቡ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑና ነፋስ በሚያገኘው ጥላ አኑሩት። ብልቃጡ በፌስታል ተቋጥሮ ይግባ፣ የተከፈተበት ቀን በፕላስተር ይጻፍበት፤ በ28 ቀን ይጣል።

መጀመሪያ የምትወጡበት ቀን

አንድ ገጽ ወረቀት ከራስጌው ይለጠፍ፣ ነርሷ በምታነበው ቋንቋ። መድኃኒቱ በስም፣ በመጠንና በሰዓት፤ የመጨረሻው ምግብ መቼ እንደነበር፤ ሽንት የወጣበት ሰዓት። የሽንት ከረጢት ከወገብ በታች ይንጠልጠል፣ መሬት አይንካ። የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ላይ ላብ፣ መንቀጥቀጥና መቀባዠር ከታየና መዋጥ ከቻለ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ የስኳር ምርመራ። መዋጥ ካልቻለ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ፊቱ ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ፣ ለስድስት ሰዓት ሽንት ካልመጣ መጀመሪያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ቀጥሎ እናንተ።

በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ውጡ፣ ሰፈር ውስጥ። በሁለተኛው አምስቱንም ሰዓት። በየግማሽ ሰዓቱ አትደውሉ፤ ነርሷ በ6 ሰዓት አንድ መልእክት እንድትልክ ተስማሙና ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት።